ድንኳን የት ይተከል?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አምስት ወዳጆች ከአዲስ አበባ ጫጫታ ለሦስት ቀን ለመራቅ ስንመካከር አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀን። አንዱ ላንጋኖ እንውረድ አለ። ሌላው ቆላ ውሃ ዳር ማደር ወባን መጥራት ነውና ወደ ወንጪ እንውጣ ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛዋ ደግሞ መሬት ላይ እንደማትተኛ አስቀድማ አስታውቃ ጎጆ ካልተከራየን ከቤቷ እንደማትነቃነቅ ነገረችን። አራተኛው ስለ ማገዶ፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ መንገዱ ሰላም ጠየቀ። እኔ ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር። ይህ ክርክር በዚህች አገር ቢያንስ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ጋደም ካልሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተከራካሪዎቹ ነገሥታት ነበሩ፤ የሚጓዘውም አምስት ሰው ሳይሆን አንድ ሙሉ መንግሥት ነበር።

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። ዛሬ «ከተማ» ስንል አስፋልትና ፎቅ ይታየናል። ቃሉ የወጣው ግን «ከተመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሠራዊት ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። «ሰፈር»ም እንዲሁ የሰፋሪ ማደሪያ ነው። የድሮ ሹመቶቻችንንም ልብ ብሎ ለተመለከታቸው የአንድ ሰፈር ካርታ ይወጣቸዋል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጃዝማቹ ከንጉሡ ደጅ ናቸው። ማዕረግ ማለት ድንኳንህ የሚተከልበት ቦታ ማለት ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለ ሥፍራ ላይ መቆሙ ከታየ ሌላው ሁሉ ጠያቂ ሳያስፈልገው የየራሱን ቦታ ያውቀው ነበር።

ይህን ሥርዓት ከውጭ መጥተው በዓይናቸው አይተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. (1520 እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዓጼ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ተቀመጠ፤ መጽሐፉም በ1540 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ታተመ። አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት በድንኳን የቆመ፣ በበቅሎ የሚጫን፣ ቤተ ክርስቲያኑና ገበያው፣ ምግብ አብሳዩና ፈራጁ ሁሉ አብሮ የሚጓዝ ነበር። ቀኝ ቤትወደድና ግራ ቤትወደድ በየወገናቸው ይሰፍራሉ። ዛሬ ሜዳ የነበረው ነገ ሺህ ድንኳን ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ አመድና አጥንት ብቻ ይቀርበታል።

ለምን አንድ ቦታ አልረጉም? ጂኦግራፈሩ ሮናልድ ሆርቫዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ተንከራታች ዋና ከተሞች አንድ የታወቀ ጥናት አሳትሟል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለ፣ ግብር መሰብሰብ አለ፣ ራሱን ለሕዝቡ ማሳየት አለ። ከሁሉም ይልቅ ግን ተራው የካምፕ ጥያቄ ይበረታል። ያ ሁሉ ሰው ምን ያነዳል? ያ ሁሉ በቅሎ ምን ይግጣል? የአካባቢው እንጨት ሲያልቅ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ ገበሬው ሲራቆት ሰፈሩ ይነሣል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ሠራዊቱ መንቀሳቀስ አይችልምና የክረምት ማደሪያ ለብቻው ይመረጣል። አንዳንዴም ንጉሡ ቦታውን ወዶ ይቀራል። ዓጼ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ በተቆረቆረችው በደብረ ብርሃን ከአሥር ዓመት በላይ መቀመጣቸው በዘመኑ ልማድ እንግዳ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ታሪካችንን ስንጽፍ ሰፈሩን የምናየው ከድንኳኑ ውስጥ ሆነን ነው። ከማሳው ዳር ቆሞ ላየው ገበሬ ግን የንጉሥ ሰፈር መምጣት ከአንበጣ መምጣት ብዙም አይለይም ነበር። ድርጎ ይወጣል፤ በግና ማር ይወሰዳል፤ አጥርና ጣራ ሳይቀር ለማገዶ ይነቀላል። አልቫሬዝ እንኳ፣ እንግዳ ሆኖ ከዚያው ማዕድ እየበላ፣ ታላላቆቹ ሰዎች የድሀውን ባይነጥቁ ኖሮ አገሩ ከዚህ የበለጠ በታረሰ ነበር የሚል ሐሳብ ጽፏል። ዓጼ ቴዎድሮስ ወታደሩ ከገበሬው ላይ እንዳይበላ ለማድረግ በንግሥናቸው መጀመሪያ ብዙ ደክመው ነበር። ፍጻሜው ግን አልተሳካም፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፈውና ያቃጠለው የእርሳቸው ጦር ነው።

ውሃ ዳር ነው ወይስ ደጋ የሚለው የወዳጆቼ ክርክርም የራሱ ታሪክ አለው። ዓጼ ሱስንዮስ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ከትመው ነበር፤ ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስም ቤተ መንግሥት ሠርቶላቸዋል። ሐይቁ ውብ ነው፤ ዳርቻው ግን የንዳድ አገር ነው። ኋላ ወደ ደጋው ወደ ደንቀዝ ወጡ። ልጃቸው ፋሲለደስ ደግሞ በ1628 ዓ.ም. (1636 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ቆረቆሩና መንከራተቱ ለረጅም ጊዜ ጋብ አለ። ዛሬ ጎርጎራ ላይ አዲስ የመዝናኛ ሎጅ ተሠርቷል። ከሐይቁ ፊት ቆሞ ቦታውን ያደነቀ እንግዳ ዓይኑ ያረፈው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የንጉሥ ዓይን ባረፈበት ዳርቻ ነው። የአጎበሩ ነገር ግን አሁንም አይረሳ።

ወደ እኛይቱ ከተማ እንምጣ፤ ጨዋታው የሚጥመው እዚህ ነውና።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር፣ በልቼና በወረ ኢሉ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ቦታውን የመረጡት እንደ ወታደር ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ይታያል፤ የጥንት ነገሥታት ፍርስራሽ አለበት ተብሎም ይታመን ነበር። ለውጊያ የተመቸ ቦታ ሁሉ ግን ለኑሮ አይመችም። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ጭጋግና ነጎድጓድ አይለየውም። እንጨቱ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ፤ ውሃውም ቢሆን በሰው ጀርባ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ሆነና የምንጭ አገር ጌታ ውሃ ናፈቀው።

ከተራራው ግርጌ ፍል ውሃ አለ። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ለመታጠብ፣ ቁርጥማት ያለበትም ለመታከም ወደዚያ መውረድ አዘወተሩ። በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው «ዊክ ኤንድ» ይወጡ ነበር ማለት ነው። ድንኳን ይተከላል፤ ጥቂት ቀን ይታደራል፤ ይመለሳል። በ1879 ዓ.ም. መባቻ በእንዲህ ያለው ሽርሽር ላይ ጣይቱ ብጡል ቦታውን ወደዱት። በዚያ ጊዜ ገና እቴጌ አልተባሉም። አየሩ ለስላሳ ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ውሃው ከመሬት ሞቆ ይወጣል። ከባላቸው ቤት መሥሪያ ለመኑና ተፈቀደላቸው። ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ጨለንቆ ላይ ሲዋጉ ወይዘሮዋ እዚህ ቤት ያሠሩ ነበር። ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ነገሩ ባንድ ቀን አልተፈጸመም፤ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ሆኖም ልብ አስቀድሞ ወርዷል። የአፍሪካ መዲና የምንላት ከተማ፣ አንዲት ሴት ከብርድና ከነፋስ ሸሽታ ለመዝናናት የመረጠቻት የካምፕ ቦታ ናት።

መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። እያንዳንዱ በተሰጠው ቦታ ላይ ከነጭፍራው ሰፈረ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ወንዝና ገደል ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር ስንል ዛሬም የምንጠራው የዚያን ሰፈራ አቀማመጥ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ለምን እንዲህ እንደተጣመመ የሚገረም ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው፤ ድንኳን የተተከለው ከጎረቤት ለመገናኘት ሳይሆን ከጌታ ግቢ ለመቅረብ ነበር።

ቦታው ባዶ እንዳልነበረም መናገር ተገቢ ነው። ፍል ውሃው ከዚያ በፊት ሆራ ፊንፊኔ ነበር። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት፣ በኢሬቻም ፈጣሪያቸውን የሚያመሰግኑበት ውሃ ነው። ሰፈሩ ሲሰፋ እነዚያ ሰዎች እየተገፉ ሄዱ። ለዚህም ነው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ በዚህች ከተማ ሲከበር አንዳንዱ ሲያለቅስ ሌላው ግር ብሎት የተመለከተው። «ውሃ ያለበት ጥሩ ቦታ» ስንል ውሃውን ከእኛ በፊት ያገኘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ልማዳችን አይደለም።

አዲስ አበባም ልትነሣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። እንጨቷ አለቀና ማገዶና ምሰሶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ምኒልክም በአባቶቻቸው ልማድ ሌላ ቦታ ፈለጉ። በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ከ50 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ ደን ከማይጠፋበት አገር፣ አዲስ ዓለም ተጀመረች። ቤተ መንግሥት ተሠራ። ይሁን እንጂ በዚሁ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሽቅብ ተመዘዘና ከተማይቱን ከመነሣት አዳናት። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዋና ከተማችን ድንኳኗን አልነቀለችም። ያች ለሽርሽር ወርደው ቦታ የመረጡት ሴትም በ1907 እ.ኤ.አ. ለእንግዳ ማደሪያ የሚሆን ሆቴል አስከፈቱ፤ የጣይቱ ሆቴል የምንለው ነው። ቦታ የማወቅ ነገር ተሰጥቷቸው ነበር።

መንግሥት ካንድ ቦታ ሲረጋ ድንኳን የመዝናኛ ዕቃ ሆነ። የከተማ ሰው በተራው መውጣት ጀመረ፤ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ፣ ወደ ላንጋኖ። ላንጋኖ የተመረጠበት ምክንያት ሲያዩት አያምርም። ውሃው ደፍርሶ ቡና በወተት ይመስላል፤ ነገር ግን ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ በመታወቁ ጠራ ያሉትን ሐይቆች በልጦ ዋናተኛ አገኘ። ባሌ ውስጥ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከደጅ እየታየ ይታደራል። ስሜን ደግሞ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የታወቁ ማደሪያዎች ሆኑ፤ ሁሉም ከ3000 ሜትር በላይ ናቸውና ብርዱ ከእንጦጦ ይብሳል።

የስሜን ነገር ግን በሽርሽር ወሬ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ዋልያው ግጦሽ አገኘ፤ እንግዳውም ጸጥ ያለ ሜዳ። በዚያ ብርድ ገብስ ሲዘራ የኖረ ሰው ግን ከደባርቅ ዳር ቆሞ ስለ ካሳና ስለ መሬት ያስባል። ፓርክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ዋልያ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም። ነገር ግን ግጭ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው የሚተኛበትን መሬት ታሪክ ማወቁ ከእንቅልፉ ምንም አይቀንስበትም።

ወደ ወዳጆቼ ልመለስ። ላንጋኖ አሸነፈ። ጎጆ የፈለገችውም ጎጆዋን አገኘች፤ አራታችን ድንኳን ይዘን ከሐይቁ ዳር፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣ ሣሩ በተመቸበት ሰፈርን። ገና ገመዱን ሳንወጥር ዱላቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ አንድ ሽማግሌ መጡና ሰላምታ ሰጥተው ቆሙ። ምን ፈልገው እንደሆነ ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

«ምንም አልፈልግ ልጆቼ። ግን ይህ የከብት መንገድ ነው፤ ማታ በዚህ ነው የሚወርዱት። ነፋሱም ከሰዓት በኋላ ከዚህ ወገን ነው የሚመጣ» አሉና በዱላቸው አሳዩን።

«የት እንትከል ታዲያ አባቴ?»

ከኮረብታው ጀርባ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወስደው እንድ ጉብታ አሳዩን። ከሐይቁ ራቅ ያለ በመሆኑ መጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁን ሲያናውጠው እኛ ጋ እሳቱ ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከብቶቹ መጡ፤ ድንኳናችን ተተክሎበት በነበረው ሣር ላይ አልፈው፣ ሲጠጡ እስኪመሽ ቆዩ።