ዮሴፍ በስንት ቋንቋ ይነገራል?

በጎንደርና በአካባቢው ያደግን ሰዎች ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ ውለናል፣ በሐዘንም ተጽናንተናል። ሥጋችን ለየብቻ ቢታረድም ወሬያችን አንድ ነበር። ልጆቻቸው ሉሕ ይዘው ቁርኣን ሲቀሩ ድምፃቸው ደጃችን ድረስ ይሰማ ነበር። ዐረብኛው ባይገባንም፣ ከሚቀሩት ታሪኮች አንዳንዶቹ በኦሪታችን ያሉት መሆናቸውን እናውቅ ነበር። ጸሎት ቤታችንንም እንደ እነርሱ መስጊድ ስንል ኖረናል፤ መስጊድም ሲግድም ስግደት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አላቸው። ዛሬ ከእነዚያ ታሪኮች አንዱን፣ የዮሴፍን፣ እናነሣለን። ነገሩ በየቤታችን የገባውን የቋንቋ ችግር ይነካልና።

ቁርኣን ካሉት 114 ምዕራፎች 12ኛው «ዩሱፍ» ይባላል። የሌሎች ነቢያት ታሪክ በየምዕራፉ ተበታትኖ ሲገኝ፣ የዮሴፍ ግን ከሕልሙ ጀምሮ አባቱን እስኪያገኝ ድረስ በአንድ ቦታ ተተርኳል። በዚህ ትረካ የዮሴፍ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የሐሰት ደም ተቀብቶ ለያዕቆብ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ከኋላ ተቀዶ የዮሴፍን ንጽሕና ይመሰክራል፤ በመጨረሻም በአባቱ ፊት ላይ ሲደረግ በልቅሶ የጠፋውን ዓይን ያበራል። ያሳዘነው ቀሚስ መልሶ አጽናና።

የምዕራፉ መግቢያ ደግሞ ቃሉ በዐረብኛ የወረደው ሰሚዎቹ እንዲያስተውሉት መሆኑን ይናገራል። ሙስሊሞች ዐረብኛውን ራሱን የወረደ ቃል አድርገው ስለሚያምኑ፣ የትም አገር ቢኖሩ ሲሰግዱ በዐረብኛ ይቀራሉ። ትርጉሙን ግን በየቋንቋቸው ይማራሉ። በወሎ እንደ ሸህ ጦልሐ ያሉ ዑለማ የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም አዲስ አበባ ላይ ታትሟል።

የእኛስ ሥርዓት ከዚህ ምን ይለያል? ኦሪታችን በግዕዝ ነው። ቄሶቻችን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙልናል። የተቀደሰው ቋንቋ ክብሩ ሳይነካ፣ የቤት ቋንቋ ደግሞ ቃሉን ወደ ልብ ያደርሰዋል።

አሁን የምንኖርባት አሽቀሎንም ይህን ታውቃለች። የመስቀል ጦረኞች እ.ኤ.አ. በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ብዙ አይሁድ ተገደሉ፣ ብዙዎችም ተማረኩ። በ1100 በአሽቀሎን የነበሩ የቀራውያን ሽማግሌዎች ለምርኮኞች ማስለቀቂያ ገንዘብ እንዲላክላቸው ወደ ግብፅ ደብዳቤ ጻፉ። ቀራውያን የሚባሉት የረቢዎችን የቃል ትምህርት ሳይቀበሉ በተጻፈው ቃል ብቻ የሚመሩ አይሁድ ናቸው። ካይሮ በሚገኝ አሮጌ ምኩራብ ተጠብቆ የቆየው ይህ ደብዳቤ፣ ከሰዎቹ ጋር 230 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥራዞችና 8 የኦሪት ጥቅልሎች መዋጀታቸውን ይገልጻል። ቋንቋው ዐረብኛ፣ ፊደሉ ግን ዕብራይስጥ ነው! ዐረብኛ የእነርሱም የቤት ቋንቋ ነበረና። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ942 ያረፈው ረቢ ሰዓድያ ጋኦን ኦሪትን ወደ ዐረብኛ የተረጎመው ለእንደነዚህ ያሉ ቤተሰቦች ነበር።

ወደ ዮሴፍ እንመለስ። በኦሪት እንደተጻፈው፣ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ዮሴፍ በአስተርጓሚ ያነጋግራቸው ነበር። እነርሱም የሚሰማቸው ሳይመስላቸው በራሳቸው ቋንቋ ስለ በደላቸው ተነጋገሩ፤ እርሱም ሰምቶ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ራሱን በገለጠላቸው ቀን ግን አስተርጓሚ አልነበረም፤ የሚያነጋግራቸው የገዛ አፉ መሆኑን ነገራቸው። የአሽቀሎኑ ደብዳቤ በተጻፈበት ዘመን በፈረንሳይ የነበረው ረሺ ይህን ሲተረጉም፣ ዮሴፍ የተናገረው በተቀደሰው ቋንቋ ነው ይላል። ከግብፃዊው ባለ ሥልጣን ልብስ ውስጥ ወንድማቸውን ያወቁት አንዱ በቋንቋው ነው ማለት ነው።

ዛሬ በብዙ ቤታችን አስተርጓሚው ልጅ ነው። በክሊኒክም በባንክም እናቱን ወክሎ ይናገራል። ማታ ግን አያቱ ተረት ሲጀምሩ አማርኛው ስለማይገባው ተነሥቶ ይሄዳል። አያትም ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣው ዕብራይስጥ ስለማይገባቸው ዝም ይላሉ። ሁለቱም የሚያውቁት ያንኑ ዮሴፍን ነው፤ ግን አንዱ ለሌላው አልነገረውም። ይህ ዝምታ ከቀጠለ ቄሶቻችንና ሽማግሎቻችን የሚያውቁት ሁሉ አብሯቸው ይቀበራል።

መፍትሔው ልጁ ዕብራይስጡን እንዲተው አይደለም፤ እኛም አማርኛችንን የምናፍርበት ምክንያት የለም። የዮሴፍ ታሪክ በምኩራብ የሚነበበው በክረምት፣ በሐኑካ ሰሞን ነው። በዚያ ጊዜ ዓርብ ማታ በረከቱ ተብሎ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ልጁ የሳምንቱን ንባብ በዕብራይስጥ ያንብብ፣ አያት ደግሞ ያንኑ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተርኩ። ያልገባው ይጠይቅ፣ የገባው ያስረዳ። ዮሴፍ ወንድሞቹን ያቀፈው አስተርጓሚውን ካስወጣ በኋላ ነው። እኛም ከልጆቻችን ጋር አፍ ለአፍ ለመነጋገር ያብቃን።

ሰንበት ሰላም!