ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነበር፤ በደሉስ የት ተፈጸመ?

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለታሪክ ትምህርቱ የቤት ሥራ ይሠራል። ርዕሱ የስፖርት ሕክምና ታሪክ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አባቱ ቤት ባለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። ልጁ ምን እንደፈለገ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተደበቀ ፕሮግራም እየተከታተለ ይመዘግባል። ፕሮግራሙ የሚገናኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነው፤ የሰርቨሩ አድራሻ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ይህ ሁሉ የሰፈረው በፌብሩዋሪ 2014 ዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በገባ የክስ ማመልከቻ ላይ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ከሳሹ የልጁ አባት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ጥገኝነት አግኝቶ በኋላ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ቤተሰቡን ስለሚያሰጋው ፍርድ ቤቱ በእውነተኛ ስሙ እንዳይጠራ ፈቀደለት፤ መዝገቡ ላይ "ኪዳኔ" ይባላል። ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

ነገሩ የጀመረው በኢሜይል ነው። የወርድ ሰነድ የተያያዘበት መልእክት ከሚያውቀው ሰው ተላልፎለት ደረሰው፤ ከፈተው። በዚያች ቅጽበት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገባ። ክሱ እንደሚለው ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ድረስ ፕሮግራሙ የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀድቷል፣ ኢሜይሉን ገልብጧል፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሁሉ መዝግቧል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ላንሳ። ያን ጊዜ ስካይፕ ጥሪን ስለሚያመሰጥር ዲያስፖራው ከስልክ ይልቅ ያምነው ነበር። ምስጠራ ግን የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት ነው። ደብዳቤውን በሰም አሽጋችሁ ብትልኩት፣ ሰላዩ ስትጽፉ ከትከሻችሁ ኋላ ቆሞ ካነበበው ማሸጉ ምን ይረባል? ፊንስፓይ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ቁልፎቹ ሲነኩ፣ ድምፁ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ሲታይ። ኮምፒውተሩን የገዛው ኪዳኔ፣ መብራቱን የሚከፍለው ኪዳኔ፤ የሚታዘዘው ግን ለሁለት ጌቶች ነው። አንደኛው ጌታ ስለ ሁለተኛው አያውቅም።

እንዴት ታወቀ? ማርች 13 ቀን 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ የፊንስፓይ ሰርቨሮችን በ25 አገሮች አገኙ፤ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ማጥመጃ ሆኖ የተላከው ደግሞ የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶ ነው። ሪፖርቱ ከወጣ አምስት ቀን በኋላ፣ ክሱ እንደሚለው፣ ኪዳኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ዱካውን ግን ጨርሶ አላጠፋም። የተያዘውም በዚያ ዱካ ነው።

ፊንስፓይን የሸጠው ጋማ ግሩፕ ከተባለው ኩባንያ ጋር የተያያዘው፣ በኋላ ሙኒክ ላይ ፊንፊሸር ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ነው። የምንሸጠው ለመንግሥታት ብቻ ነው፣ ዓላማውም ወንጀለኛ መያዝ ነው ይል ነበር። ሁለተኛው ሻጭ የሚላኑ ሀኪንግ ቲም ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 2013 ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የኢሳት ባልደረቦች ላይ፣ አንዱ ቤልጂየም ሌላው ቨርጂኒያ፣ ሦስት ሙከራ ተደረገ። ሲቲዝን ላብ ፕሮግራሙ የሀኪንግ ቲም መሆኑን በፌብሩዋሪ 2014 አሳወቀ። ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለዋሽንግተን ፖስት በሰጠው ምላሽ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠቀምንም፣ የምንጠቀምበትም ምክንያት የለም አለ።

ማስተባበያው የቆየው ዓመት ተኩል አይሞላም። ጁላይ 2015 ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ። 400 ጊጋባይት የኩባንያው የውስጥ ሰነድ፣ ኢሜይሉ፣ ደረሰኙ፣ የደንበኞቹ ዝርዝር ሜዳ ላይ ወጣ። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው! ከደንበኞቹ መካከል የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ነበር። የኩባንያው ሰዎች በውስጥ ኢሜይላቸው ስለዚህ ደንበኛቸው ግድየለሽ አጠቃቀም ሲያማርሩ ይነበባል። ልብ በሉ፤ ያስጨነቃቸው ጋዜጠኛ መሰለሉ ሳይሆን መያዛቸው ነው።

እዚሁ አገር ቤት ደግሞ በዚያው 2014 ዓ.ም. ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ኤፕሪል ላይ የታሰሩት ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ጁላይ ላይ በሽብር ሲከሰሱ፣ ከክሱ ዝርዝር አንዱ ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከጠለፋ ስለመጠበቅ የሚያስተምር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። "ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ" የሚባለው መማሪያ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው ነው። የራስን በር መቀርቀር ማስረጃ ሆነ። በ2015 ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ከፊሎቹ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለው ወጡ።

ወደ ኪዳኔ ልመለስ። ጠበቆቹ፣ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ባለሙያዎችም ያሉበት ቡድን፣ ያቀረቡት ነገር ለማንም ግልጽ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነው፤ ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ ንግግሩ የተቀዳው ቤቱ ነው። እንግዲህ በደሉ የተፈጸመው አሜሪካ ነው።

ችግሩ ከ1976 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሕግ ነው። የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም፤ ጥቂት በሮች ብቻ ተከፍተዋል። አንዱ በር አሜሪካ ምድር ላይ ለተፈጸመ ጉዳት ነው። ፍርድ ቤቶች ይህን ሲተረጉሙ በደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት ይላሉ። በ2016 የመጀመሪያው ዳኛ፣ ማርች 14 ቀን 2017 ደግሞ ሦስት የይግባኝ ዳኞች፣ ክሱን ዘጉት። ምክንያታቸው ሲጨመቅ ይህ ነው፦ የመሰለሉ ሐሳብ የተጸነሰው ውጭ ነው፣ ፕሮግራሙ የተላከውም ከውጭ ነው፤ ስለዚህ በደሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም።

የኪዳኔ ወገን አንድ የቆየ ጉዳይ አንስቶ ነበር። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1976 የቀድሞው የቺሊ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦርላንዶ ሌተሊየር ዋሽንግተን ውስጥ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ፤ አብራው የነበረችው አሜሪካዊት ሮኒ ሞፊትም ሞተች። ሴራው የተሸረበው ቺሊ ነው። ያም ሆኖ በ1980 ፍርድ ቤቱ ቺሊ ትከሰሳለች አለ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የይግባኝ ዳኞቹ መልስ አላቸው፤ በሌተሊየር ጊዜ ቦምቡን የሠሩት፣ የጠመዱትና ያፈነዱት ሰዎች አሜሪካ ገብተው ነበር።

እኔ በዚህ መልስ አልረካሁም። በ1976 መኪና ሥር ለመግባት ሰው መላክ ግድ ነበር። በ2012 ግድ አልነበረም፤ የቴክኖሎጂው ጥቅምም ይኸው ነው። እጅ ሳይሻገር ሥራው ይሻገራል። በዚህ አተረጓጎም ሰላይ ቢሮው ተቀምጦ ቡና እየጠጣ በሠራ ቁጥር ከሕግ ይርቃል፤ ድሮ ቪዛ አስመትቶ፣ ሻንጣ ይዞ የሚሄደው ነው በቀላሉ የሚከሰሰው። የኪዳኔ ጠበቆች በዚህ ትርጉም የውጭ መንግሥት መኪናችሁን ከሩቅ ጠልፎ ከመንገድ ቢያስወጣው እንኳ የምትከሱበት የለም ብለው ተከራከሩ። አጋነኑ የሚላቸው ካለ፣ ፍርዱን አንብቦ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየኝ።

ጉዳዩ ሲዘጋ ሥራው አልቆመም። ዲሴምበር 2017 ሲቲዝን ላብ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም የኦኤምኤኑ ጃዋር መሐመድ፣ አዶቤ ፍላሽ አድሱ በሚል ሰበብ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም እንደተላከባቸው አሳወቀ። የሰርቨሩ መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ በመገኘቱ ተመራማሪዎቹ በ20 አገሮች የተጠለፉ ኮምፒውተሮችን ማየት ቻሉ። አሁንም የጋለጠው በግድየለሽነት ነው።

ፊንፊሸር በ2022 ከሰረ። የእኛ ሰው ያልተሳካለት ጥያቄ ግን በሌላ አገር ሌላ መልስ አገኘ። ለንደን የሚኖሩ ሁለት የባሕሬን ተቃዋሚዎች በዚሁ በፊንስፓይ ላፕቶፓችን ተሰለለ፣ በዚህም የሥነ አእምሮ ጉዳት ደረሰብን ብለው የባሕሬንን መንግሥት ከሰሱ። ባሕሬን ድርጊቱን ክዳ ልክ እንደ ኢትዮጵያ የመንግሥት ከለላ ጠየቀች። በ2023 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በ2024 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከለላውን ነፈጓት፤ እንግሊዝ ያለን ኮምፒውተር ከውጭ ሆኖ ማዘዝ እንግሊዝ ውስጥ የተፈጸመ ድርጊት ነው አሉ። ፕሮግራሙ ያው ነው፣ ዘመኑም ተቀራራቢ ነው፣ የሰላዩ እጅም በሁለቱም ባሕር ማዶ ነው። የኪዳኔ ኮምፒውተር ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይሆን ለንደን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጠበቆች ስለ ልጁ የቤት ሥራ ችሎት ቆመው መልስ ይሰጡ ነበር።