የላብራቶሪውን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በሂርናም ሆነ በበዴሳ፣ የጤና መድህን አባል የሆነ ገበሬ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የላብራቶሪ ምርመራው ዋጋ ተከፍሎ ያለቀ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ገና አልተከፈለም። የሚከፈለው በኋላ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቀድሞ፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ እየተባለች በምትጠራበት ዘመን፣ ታካሚ ለምርመራ የሚከፍለው ብር ሆስፒታሉ ውስጥ አይቀርም፤ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ድሀው ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ያጽፋል። ላብራቶሪው ብዙ ቢሠራም ጥቂት፣ በጀቱ ያው ነበር። ይህን የለወጠው በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ እዚያው አስቀርተው ለመድኃኒትና ለላብራቶሪ ዕቃ እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዷ የጎረቤት ምሥራቅ ሐረርጌዋ ደደር ነበረች። ሐሳቡ እድርና አፎቻ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፦ ለሞት የሚዋጣውን ያህል ለሕመምም ይዋጣ ነው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ለማይችለው ወረዳውና ክልሉ ይሸፍኑለታል፤ የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ይጨምራል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ተቋሙ የሠራውን እያንዳንዱን ምርመራ በታሪፉ ይመዘግባል፤ በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡን ለመድህኑ ያቀርባል፤ ተጣርቶ ይከፈለዋል። እስከዚያ ሪኤጀንት የሚገዛው ከራሱ ካዝና ነው። ታሪፉ ከሪኤጀንቱ የገበያ ዋጋ ካነሰ በመረመረ ቁጥር ይከስራል። ክፍያው ከዘገየ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ያኔ ታካሚው «ውጭ አሠራ» ይባላል። ውሉ ከመንግሥት ተቋም ጋር ከሆነ የግል ላብራቶሪው ደብተሩን አይቀበልም። ከጫት ወይም ከቡና ሽያጭ የተቀመጠችው ብር ትወጣለች። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ከፈለ ማለት ነው። በዓመቱ ደብተሩን ሳያሳድስ ቢቀር ማን ይፈርድበታል? እሱ ሲቀር ቋቱ ይሳሳል፤ ቋቱ ሲሳሳ ክፍያው ይብስ ይዘገያል።

ስለዚህ የአባላትን ቁጥር መጥራት ብቻውን አይበቃም። የ1990ው ለውጥ ገንዘቡን ተቋሙ ዘንድ አስቀረ፤ የ2003ቱ ሙከራ ከፋዩን ከታካሚው ወደ ቋቱ አዛወረ። የቀረው ታሪፉን ከገበያው ጋር ማስተካከልና ክፍያውን በቀኑ ማድረስ ነው። ድንኳኑን ከቀብር በኋላ የሚያመጣ እድር አባል አይቆይለትም።