ከአንጎለላ ውል እስከ ዝክረ ሕግ

በኅዳር 1834 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ከተማቸው በአንጎለላ ከካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ሃሪስን የላከው በሕንድ የነበረው የቦምቤይ መንግሥት ነው። በማስተርጎም የረዳው ደግሞ ከ1831 ጀምሮ በአንኮበር ተቀምጦ አገሩንና ቋንቋውን ያጠናው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላም ንጉሡ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ፈጸሙ።

ሁለቱም ውሎች የሸዋ ጉዳይ ናቸው፤ በሸዋ መሬት፣ በሸዋ ንጉሥ ስም ተደረጉ። ዛሬ ስለ እነሱ መዝገብ የሚሻ ተመራማሪ ግን አንኮበር ወጥቶ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ቢያይ ወረቀት አያገኝም። ሃሪስ ወደ ቦምቤይ የጻፋቸው ሪፖርቶች በለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ከሕንድ ቢሮ መዛግብት መካከል ይገኛሉ። ራሱ በ1844 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ ተቃኝቶ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይነበባል። መጽሐፉን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሃሪስ ተልእኮውን ለአገሩ አንባቢ አሳምሮ ለማቅረብ የጻፈው ነውና ከሪፖርቶቹ ጋር ሳይመሳከር እንደ ሰነድ ሊጠቀስ አይገባም።

በግንቦት 1875 ዓ.ም. ደግሞ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የኢጣሊያና የሸዋን የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረመ። የሮም መንግሥት የውጭ ጉዳይ ደብዳቤዎችን ለፓርላማው አሳትሞ ያቀርብ ስለነበር፣ ከሽፋናቸው ቀለም የተነሣ አረንጓዴ መጽሐፍ የተባሉት እነዚህ ጥራዞች ዛሬ ለሸዋ ታሪክ ትልቅ ምንጭ ሆነዋል። እንግሊዞችም ሰማያዊ መጽሐፍ የሚሉት ተመሳሳይ ኅትመት ነበራቸው። የውጫሌን ውል ተከትሎ የመጣው ክርክር በብዛት የሚገኘው በ1891 እ.ኤ.አ. ለኢጣሊያ ፓርላማ በቀረበው የአንቶኔሊ ተልእኮ ጥራዝ ውስጥ ነው። የኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አፍሪካን የሚመለከቱ ውሎችን ሰብስቦ በ1906 እ.ኤ.አ. ስላተመም፣ የ1875ቱን ውል መፈለግ የሚጀመረው ከዚያ ስብስብ ነው። ፈላጊው አንድ ነገር ከመነሻው ይወቅ፤ «ሸዋ»ን እንግሊዝ በኤስ ኤች፣ ፈረንሳይ በሲ ኤች፣ ጣሊያን በኤስ ሲ አይ ጀምረው ስለሚጽፉት በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው የሌሎቹን ሁለት አገሮች መዝገብ ጨርሶ አያየውም።

የውጭ መንግሥታት እንዲህ ሲያትሙ፣ በአገር ቤት ሕግ ለሕዝብ የሚደርሰው በጆሮ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን ቃሉን ያሰማል፤ የሰማው ላልሰማው ያደርሳል። ቃሉ ከዜና መዋዕል ጸሐፊ ወይም ከደብዳቤ ላይ ካልቀረ በስተቀር ተመልሶ አይገኝም። ይህ በቋሚነት የተለወጠው መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት በወጣው የመጀመሪያው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ጋዜጣውን ራሱን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 1 ታተመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ጠቅላይ ግዛቶችን ያደራጀው የአስተዳደር ድንጋጌ ወጣ፤ ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ከተማ የሆነችበትን ሥርዓት ሊያጠና የሚነሣ ሰው መነሻው ይኸው ነው።

ጋዜጣው ገጹ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ያሰፍራል። ከራስጌው ዓመቱና ቁጥሩ አለ። የዓመቱ ቆጠራ በየመስከረሙ ስለሚያድግ፣ ከኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት 1933 ሲቀነስ የጥራዙ ዓመት ይገኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የታተመው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ነው፤ ጥራዙም 19ኛ ዓመት መሆኑ በዚሁ ይታወቃል። ከ1987 ወዲህ ለወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ የሚቀነሰው 1986 ነው። በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) መደርደሪያ ፊት የቆመ አንባቢ ይህን ካወቀ የሚፈልገውን ጥራዝ ሳይንገላታ ያወርዳል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የአዋጅ ቁጥር ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል፤ በዚህም ላይ እንግሊዝኛው የሚጠቅሰው በፈረንጅ ዓመት ነው። «አዋጅ ቁጥር 1/1987» ብሎ የጻፈ ተማሪ በፈረንጁ አቆጣጠር ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት፣ በኢትዮጵያው ከሆነ ደግሞ ዛሬ ያለውን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ጠቅሷል። ሁለቱ ሕገ መንግሥታት በአንድ ቁጥርና በአንድ ዓመት ይጠራሉ፤ ስለዚህ በማናቸውም ጥናት ውስጥ የጋዜጣው ዓመት፣ የዕትሙ ቁጥርና ቀኑ አብረው ካልተጻፉ ጥቅሱ ጎደሎ ነው።

የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ለሰሜን ሸዋ የቅርብ ጉዳይ ነው። ሕዝቡ የሰማው የካቲት 25 ቀን 1967 ሲሆን በየዓመቱ የሚታሰበውም ያ ቀን ነው። በነጋሪት ጋዜጣ 34ኛ ዓመት ቁጥር 26 ላይ የታተመው ግን ሚያዝያ 21 ቀን ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ወር ከሃያ ስድስት ቀን አለ። አርሶ አደሩ፣ ባለ ርስቱና ጢሰኛው በእነዚያ ሳምንታት ያደረጉትን የሚያጠና ሰው የታተመው ጽሑፍ ገና በእጃቸው እንዳልነበረ ማስላት አለበት። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ሲወስን የጋራ ርስት ላለባቸው አካባቢዎች ደግሞ የተለየ ድንጋጌ አስቀምጧል፤ ርስት በጸናበት በመንዝ ስለ ተሐድሶው የሚጽፍ ያን ክፍል ሳያነብ ማለፍ የለበትም። ስለ ይዞታ ዛሬ የሚነሣ ክርክር ግን በሌላ ሕግ ይታያል፤ የአማራ ክልል ምክር ቤት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ፌዴራሉን ብቻ ፈልጎ ክልሉን የረሳ የአንኮበርን አርሶ አደር ጉዳይ ግማሹን ብቻ ያውቃል።

በኢንተርኔት ያለው ስብስብ ሥራውን በእርግጥ አቅልሎታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጆችን በድረ ገጹ ያስቀምጣል፤ የሕግ ባለሙያዎችም የቆዩ ጋዜጦችን ቃኝተው ለሕዝብ አቅርበዋል። የተቃኘ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ፎቶ ብቻ ስለሆነ በቃል አይፈለግም። በቃል የሚፈለገውም ቢሆን በፊደላችን ይፈትናል፤ «ሕግ» ብሎ የፈለገ «ህግ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝምና ሁለቱንም መሞከር ያሻል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ ከተተረጎመ ስብስብ ብቻ የተወሰደ ጥቅስ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1972 እ.ኤ.አ. ከታተመው የተጠቃለለ ሕግም ቢሆን፣ ከጋዜጣው አማርኛ ገጽ ጋር መመሳከር አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መመሪያ ነው። አዋጅና ደንብ በጋዜጣ ሲወጡ መመሪያ ለረጅም ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ነበር፤ የሚገዛው ሰው ሳያየው ይፈጸምበት ነበር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ አዝዟል። ከዚያ በፊት ለነበሩት ዓመታት አጥኚው ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጋር ከመነጋገር በቀር ብዙ መንገድ የለውም፤ በእነሱ ዕውቀት ላይ መመካትም ተገቢ ነው።

ደብረ ብርሃን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። የአንጎለላና የአንኮበር ውሎች፣ የአረንጓዴ መጽሐፍ ጥራዞችና የሃሪስ ሪፖርቶች ቅጂ ከነጋሪት ጋዜጣና ከዝክረ ሕግ ሙሉ ስብስብ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ፣ ጫጫ የተወለደ ተማሪ በአንጎለላ የተደረገውን ውል ለማጥናት ለንደን መጻፍ አያስፈልገውም። የታተሙት የአረንጓዴ መጽሐፍ ጥራዞች የባለመብትነት ዘመናቸው ስላለፈ ማባዛቱን በሕግ የሚከለክለው የለም።