ባዮዲዝል ከማይበሉ የተክል ዘይቶች

ለምግብ ከማይውሉ ፍሬዎች ተጨምቆ የናፍጣ ሞተር እንዲያነደው ተደርጎ የሚዘጋጅ ነዳጅ። በኢትዮጵያ ስማቸው አብሮ የሚነሳው ጉሎና ጃትሮፋ (አይደርቄ) ናቸው። ጉሎ ከጓሮ የማይጠፋ፣ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ የሚያገለግል ተክል ነው። ጃትሮፋ በወሎ፣ በባቲ አካባቢ የማሳ አጥር ሆኖ ኖሯል፤ መርዛማ ስለሆነ ከብት አይደፍረውም።

ጥሬው ዘይት ለሞተር እጅግ ይወፍራል። ስለዚህ ሜታኖልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮበት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እየሞቀ ይማሰላል። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ሙቀቱ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ድብልቁ ሲረጋ ግሊሰሪኑ ይዘቅጣል፤ ባዮዲዝሉ ከላይ ይቀራል። ከ100 ኪሎ ዘይትና ከ11 ኪሎ ያህል ሜታኖል 100 ኪሎ ገደማ ባዮዲዝል ይገኛል።

ዋናው ፈተና ነፃ የስብ አሲድ ነው። ፍሬው በእርጥበት ከተከማቸ ወይም ዘይቱ ከቆየ አሲዱ ይበዛል፤ ከሶዳው ጋር ሲገናኝም ሳሙና ሆኖ ምርቱን ያበላሻል። እንዲህ ያለው ዘይት አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድና በሜታኖል መታከም አለበት። የጉሎ ችግር ሌላ ነው፦ የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ሪሲኖሌይክ አሲድ በመሆኑ ባዮዲዝሉም ወፍራም ነው፤ ከናፍጣ ጋር ካልተቀላቀለ አይሆንም።

ኢትዮጵያ የባዮነዳጅ ስትራቴጂዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያን ጊዜ ጃትሮፋ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ሆኖም በደረቅ መሬት መብቀልና በደረቅ መሬት ብዙ ማፍራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዝናብና ማዳበሪያ ያጣ ተክል የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው።