የመጀመሪያዋን መኪና የሚመርጠው ማን ነው?

ሥራ ይዞ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ፣ መንጃ ፈቃዱንም በቅርቡ ያገኘ ወጣት «አቅሜ የሚፈቅደው የትኛውን መኪና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከወዳጅ ዘመድ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ ነዳጅ የማይበላ፣ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኝ፣ ሲሸጥም የማያከስር ይሁን ይሉታል። ምክሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የመኪናን ታሪክ መለስ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ ገዢው ወደ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ምርጫው ከሞላ ጎደል በሌላ እጅ ተወስኖ እንደሚቆየው ግልጽ ነው። ያ እጅ የመንግሥት እጅ ነው።

አውቶሞቢል በአገራችን የተዋወቀው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪና ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አቀረበ። መኪና ከደመወዝተኛው ሰው ደጅ ለመድረስ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዶበታል። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባን ጎዳና የሞሉት ትንንሾቹ ፊያት 600፣ በአፋችን «ሴቼንቶ»ዎቹ፣ እና ቮልስዋገኖቹ ነበሩ።

የቮልስዋገን ታሪክ ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 የሂትለር መንግሥት ለተራው ጀርመናዊ «የሕዝብ መኪና» አቀርባለሁ ብሎ፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ቢያንስ 5 ማርክ እየቆጠበ ቴምብር እንዲለጥፍ አደረገ። ከ3 መቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቆጠቡ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለሠራዊቱ መሥራት ጀመረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድ ስንኳ በዚያ ቁጠባ መኪናውን አልተረከበም። መኪናዋ በብዛት መመረት የጀመረችው ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በእንግሊዝ ጦር የበላይ ጠባቂነት ነው። የመጀመሪያ መኪናውን የሚያልም ሰው የመንግሥትን ቃል ሲሰማ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም።

በዘመነ ደርግ ተራው የላዳ ሆነ። ላዳ የሶሻሊዝም መኪና ተብላ ትታወቅ እንጂ፣ ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ኩባንያ ጋር ተዋውላ፣ በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 ጀምሮ ያመረተቻት የጣሊያኗ ፊያት 124 ልጅ ናት። የርእዮተ ዓለም ወዳጅነት የትኛው መኪና ወደ አገር እንደሚገባ ወሰነ፤ ገዢውም የቀረበለትን ገዛ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፤ ያገለገሉ ቶዮታዎችም ጎረፉ። ታዲያ ምርጫው ወደ ገዢው ተመለሰን? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የሞተር ጉልበታቸው እስከ 1,300 ሲሲ በሆኑት አውቶሞቢሎች ላይ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 በሚደርሱት ላይ 60፣ ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ጣለ። የቪትዝ ሞተር 997 ወይም 1,298 ሲሲ መሆኑን ልብ ይሏል! ቪትዝን የመረጠው ወጣት ምርጫው የራሱ ይመስለው ነበር፤ መስመሩን ያሰመረው ግን አዋጁ ነው።

ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. ሱር ታክስ ከታከለ ወዲህ፣ ወደብ ሲደርስ 100 ብር የሚያወጣ ትንሽ መኪና 35 በመቶ ጉምሩክ፣ 30 በመቶ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ከ220 ብር በላይ ይደርስ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ የክብደቱን ማእከል ከሞተር ጉልበት ወደ መኪናው ዕድሜም አሸጋገረው፤ ያረጁ መኪናዎች ኤክሳይዝ ከዋጋቸው የሚበልጥ ሆነ። ዓላማው የአየር ብክለትንና አደጋን መቀነስ ነበር፤ ዓላማውን የሚነቅፍ የለም። ውጤቱ ግን ቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በዓመት በዓመቱ እንዲወደድ አገዘ። ጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና በዶላር የሚገዛው ሁሉ ናረ።

ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለማዳን በኤሌክትሪክ መኪና መታመኑ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቆጣሪውን ከአምስት አባወራ ጋር የሚጋራ ወጣት መኪናውን ሌሊት ከየት ይሞላል? ዛሬ መኪና ሊገዛ የሚሻ ሰው ሊብሬውንና የጉምሩክ ሰነዱን ከመመርመሩ ጋር፣ የባትሪውን ጤንነት ማስፈተሽና ኃይል የሚሞላበትን ስፍራ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል።

መንግሥት ግብር የመጣል መብት የለውም አልልም። የምለው፣ የአንድን ሰው የዓመታት ቁጠባ በአንድ ሌሊት ዋጋ የሚያሳጣ ሕግ አስቀድሞ ይነገር፣ ደረጃ በደረጃም ይፈጸም ነው። ሕግ አውጪው በሕዝብ ገንዘብ በተገዛ መኪና፣ በሕዝብ ነዳጅ የሚጓዝ እስከሆነ ድረስ፣ የመጀመሪያዋ መኪና ምን ያህል እንደራቀች ላይታየው ይችላል። ለሚያየው ሰው ግን ጥያቄው የቅንጦት ሳይሆን፣ ዜጋ ነገውን አቅዶ የመኖር መብቱ ጥያቄ ነው።