የሊቀመንበሩ ሱፍ

ጉለሌ ስናድግ በአዘቦት ቀን ሱፍ የሚለብስ ጎረቤት አንድ ብቻ ነበረን። ሠፈሩ ያው የፋብሪካ ሠፈር ነው፤ ሳሙናው፣ ሸሚዙ፣ ሌላውም ሌላውም። ሰውዬው በአንዱ ፋብሪካ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ጠዋት አባቴ ቱታውን ለብሶ ሲሮጥ እሳቸው ፋይል በብብታቸው ይዘው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ቡና ላይ ታዲያ «እሳቸው ምን አለባቸው! የሠራተኛው መዋጮ አይደል እንዴ የሚያለብሳቸው» ይባላል። ሰበታ መሬት አላቸው ተባለ፤ ቆይቶ ደግሞ መሬቱ ሱሉልታ ሆነ። ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ይኼ ሐሜት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። የሠራተኛ ማኅበር በአገራችን ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው በ1954 ማብቂያ በወጣው ድንጋጌ ነው። በዓመቱ፣ በ1955፣ ኮንፌዴሬሽኑ ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ መሪዎቹ በአውሮፕላን ሲመላለሱ፣ ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራትና ብራስልስ ከነበረው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን ጋር ሲወዳጁ ታዩ። ግራ ዘመሙ ተማሪና ምሁር አቶ በየነ ሰሎሞንንና ጓዶቻቸውን የአሜሪካ ሰዎች አድርጎ አያቸው። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ የውጭ እርዳታው እውነት ነበር። ነገር ግን በ1966 ከየካቲት 28 ጀምሮ ለአራት ቀን አገሪቱን ቀጥ ያደረገውን አጠቃላይ አድማ የጠሩት እነዚያው «የተገዙት» መሪዎች ናቸው። የተገዛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ካደረገ እኔ የማዝነው ለገዢው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ለሀብት የሚያስቀና አይደለም። የኮንፌዴሬሽኑ የመጨረሻ ሊቀመንበር ማርቆስ ሐጎስ ከደርግ ጋር ተጣልቶ በ1969 ተገደለ። ደርግ በምትኩ ያቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለም በዚያው ዓመት የካቲት ወር ተገደለ። በሁለት ተቃራኒ ጎራ የቆሙ ሁለት ሊቀመናብርት፣ በአንድ ዓመት! ኢሠማኮ በ1986 ከተቋቋመ በኋላም የመዋቅር ማስተካከያ የተባለውን የኢኮኖሚ ፖሊሲ የተቃወሙት ሊቀመንበሩ ዳዊ ኢብራሂም ከመንግሥት ጋር ተጋጩ፤ ቢሮው ታሸገ፣ እሳቸውም ኋላ ተሰደዱ።

እሺ፣ ታዲያ ሕዝቡ ምን አይቶ ነው ሀብታም የሚላቸው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው ከሕጉ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (የ1985ቱም፣ የ1996ቱም፣ የ2011ዱም) የማኅበር መሪ ለድርድርና ለክርክር ሲሄድ ደመወዙ ሳይነካ ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ትክክል ነው፤ ያለዚያ ማን ይከራከራል? ማሽን ላይ ቆሞ ለሚውለው ሰው ግን ይኼ «ሳይሠሩ መብላት» ሆኖ ይታየዋል። መዋጮውም ሠራተኛው አንዴ ከፈረመ በኋላ እጁ ሳይደርስ ከደመወዙ ተቆርጦ ነው የሚሄድ። ያልዳሰሱት ብር ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ይመስላል። በዚያ ላይ ሊቀመንበሩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንኳኩተው ይገባሉ። አባቴ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ያንን በር አንድ ቀን አልረገጠም። እሱ ዘንድ ሀብት ማለት ያ በር ነበር መሰለኝ።

ይኼን ስል መሪዎቹን ሁሉ ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። ጠቅላላ ጉባዔ ሳይጠሩ ዓመታት የሚያሳልፉ፣ ሒሳብ ሲጠየቁ የሚቆጡ ሞልተዋል። ሐሜት የሚራባው ሒሳብ በማይነበብበት ቤት ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አባቴ አንድ ጉባዔ ላይ ተነሥቶ ሒሳቡ ይነበብ አለ። ዝም ካሉ በኋላ ተነበበ፤ ለለቅሶ ይኼን ያህል፣ ለፍርድ ቤት መመላለሻ ይኼን ያህል፣ ለወረቀትና ለማኅተም ይኼን ያህል። ሱፍ የሚያሰፋ ገንዘብ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል አንድ መስመር መጣ። «ልዩ ልዩው ምንድነው?» አለ አባቴ። ሰዓት ደርሷል ተባለና ስብሰባው ተበተነ። ማታ እናቴ «እህ፣ በላው?» ብትለው «አልበላም» አላት፤ ትንሽ ቆይቶ «እኔ እንጃ» ጨመረበት።